ከሮቃው ጥላ ውስጥ

ጋምቤላ ሙቀት እንጂ ወቅት የላትም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ሲገጥመኝ ኅዳር ላይ አቦቦ ድረስ ሄዶ እንዲያይ እመክረዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሞ ከሰው ቁመት በላይ ያደገው ሣር ያኔ ወርቅ መስሎ ይደርቃል። የአባሎ ዛፍ ቅጠል መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ሊረግፍ ሲል ደግሞ መዳብ ይመስላል። ጠዋት ላይ ከአቦቦ ግድብ የሚነሳው ጉም በዚያ ሁሉ ቀለም ላይ ይተኛል። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ መጸው የለም። ችግሩ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ሣሩ ከደረቀ እሳት አይቀርለትም፤ እሳቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥቁር መሬት ነው።

ትዕግስት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ ነው፤ አባቴ በጤና ባለሙያነት ተመድቦ ከደጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ኒውላንድ ሰፈር ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፣ እንጀራዬ ይህ ነው። ያን ጊዜ ግን ልቤ ያለው መልክዓ ምድር ላይ ነበር። አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት መልክዓ ምድር የሚያነሳ ባለሙያ እንደሚፈልግ ነግራኝ፣ እነሱም የመጸው ፎቶዎች ልኬ እንዳሳያቸው ጠይቀውኛል። ሥራው የእኔ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ጉራ አይደለም፤ እጄን አውቀዋለሁ። በተለይ በኤችዲአር የሚስተካከለኝ ብዙ ሰው አልነበረም።

ኤችዲአር ምን እንደሆነ ለማታውቁት ላስረዳ፣ ታሪኩ ያለ እሱ አይገባችሁምና። የሰው ዓይን ደማቁን ሰማይና ከዛፍ ሥር ያለውን ጥላ አንድ ላይ ማየት ይችላል። ካሜራ አይችልም። ሰማዩን ሲያሳምር ጥላውን ያጠቁረዋል፤ ጥላውን ሲያበራ ሰማዩን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። ስለዚህ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አቁመን፣ ሳናነቃንቀው፣ ያንኑ ቦታ ደጋግመን እናነሳለን፤ አንዱን አጨልመን፣ አንዱን መካከለኛ አድርገን፣ አንዱን በጣም አብርተን። ከዚያ ሦስቱን ኮምፒውተር ላይ እናዋህዳቸዋለን። ሲበዛበት ፎቶው የከረሜላ መጠቅለያ ይመስላል። ልኩን ለሚያውቅ ግን ዓይን ያየውን ይመልስለታል።

አንድ ጣጣ አለው። በሦስቱ ፎቶዎች መሃል የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ፣ ሲዋሃዱ የተድበሰበሰ፣ ጭስ የመሰለ ቅርጽ ይተዋል። በሙያው «ጎስት» ይባላል፣ መንፈስ እንደማለት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ያጠፋዋል። እኔ ያን ቁልፍ ሁልጊዜ እጫን ነበር።

አቦቦ የሄድኩት አሪየት ዘንድ ነው። አሪየት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ አሁን እዚያው ነርስ ሆና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ እማማ አጁሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው ነጭ፣ ሳቃቸው የማያልቅ ሴት ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መርሳት ጀምረዋል። ከአማርኛ ብዙ አይሰሙም፤ እኔም ከአኙዋክኛ የማውቀው ጋምቤላ ሰፈር ውስጥ የለቀምኳትን ያህል ነው። በደረስኩበት ማታ ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ራት ስንበላ እንደገና ጠየቁኝ።

«አትሰልቺባት» አለችኝ አሪየት። «አንዳንድ ቀን እኔንም በእህቷ ስም ነው የምትጠራኝ። የድሮው ሁሉ አለ፣ የዛሬው ነው የሚጠፋባት።»

በማግስቱ ጠዋት የአሪየት ጎረቤት ጋሽ ኑሩ በሞተር ሳይክሉ ከከተማው ወጣ ካለው የድንጋይ ጉብታ አደረሰኝ። ጋሽ ኑሩ ባለሱቅ ነው። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው። «ሣር ለማንሳት ይሄን ሁሉ መንገድ?» ብሎ ስቆብኝ፣ ረፋድ ላይ ሊመለስልኝ ተቀጣጥረን ሄደ።

ጉብታው ላይ ሆኜ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ከእግሬ ሥር ወርቃማው ሣር እስከ አድማስ ተዘርግቷል። መሃል መሃሉ ላይ የቀላ አባሎ አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ብቻውን ቆሟል፤ ሮቃ በዚያ ወቅትም አረንጓዴ ነው፣ ጥላውም እንደ ዋሻ ጨለማ ነው። ያ ጨለማና ያ ደማቅ ሰማይ አንድ ላይ ሲታዩ ለኤችዲአር የተፈጠሩ ነበሩ። ረጅሙን ሌንስ ገጠምኩ። ካሜራዬ አሮጌ ስለሆነ ብርሃኑን በእጄ ነው የምቀይረው፤ በአንዱና በሌላው ፎቶ መሃል ትንሽ ጊዜ ያልፋል። ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቄ ሦስቱንም አነሳሁ። በዙሪያዬ ሰው የሚባል የለም ብዬ ደስ አለኝ። ሥራዬን በደንብ እንደሠራሁ የማውቅበት ስሜት አለ፣ እሱ ነበር የተሰማኝ።

ጋሽ ኑሩ መጥቶ ወሰደኝ። ቤት ስንደርስ አሪየት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማለች፤ ጎረቤቶችም ተሰብስበዋል።

«ማማ የለችም» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ሥራ ስሄድ አልጋዋ ላይ ያለች መስሎኛል። ለካ ብርድ ልብሱ ነው። ጎረቤት ከእኔ ጋር የሄደች መስሏታል፤ እኔ ደግሞ ጎረቤት የምታያት መስሎኛል። ጤና ጣቢያ ደውለው ሲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

ከተሰበሰቡት አንዱ የእናቷን ፎቶ ቢሰጡት በየመንገዱ ላሉ ሾፌሮች በቴሌግራም እንደሚልክ ነገራት። አሪየት ስልኳን ከፍታ ፈለገች፣ ፈለገች። ያገኘችው ከድሮ መታወቂያ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። እማማ አጁሉ በዚያ ላይ ወጣት ናቸው፤ ፊታቸው ሞላ ያለ ነው፣ ፀጉራቸው ጥቁር ነው።

«ይሄን አይቶ ማን ያውቃታል?» አለች ቀስ ብላ። 

እናቷ በወጣትነታቸው ዓሣ ለማምጣት ወደ ውኃው ይሄዱ ስለነበር፣ በግድቡ በኩል እንዲፈለጉ ተስማሙ። ሁሉም ተነሳ። አሪየት ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ቤት ሁኚ። ብትመለስ ባዶ ቤት እንዳታገኝ» አለችኝና ሄደች።

ቤቱ ጸጥ አለ። በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ፤ እንደገና ተቀመጥኩ። እጄ ሥራ ካልያዘ ሐሳቤ አይረጋም። ላፕቶፔን ከፍቼ በሩ ትይዩ ተቀመጥኩና የጠዋቱን ፎቶዎች ገለበጥኩ፤ ሦስቱን መርጬም አዋሃድኳቸው።

ወጣ። ሣሩ፣ አባሎው፣ ሰማዩ፣ ሁሉም እንዳየሁት ነው። ሮቃው ሥር ግን አንድ የተድበሰበሰ ነገር አለ። ጎስት ነው። እጄ ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ሄደ።

ያቆመኝ ስስት ነው። ምናልባት ድኩላ ከሆነ ከዛፍ ሥር የቆመ ድኩላ ፎቶውን ያሳምረዋል፣ ለምን አጠፋዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ምን እንደሆነ ለማየት ሦስቱን ለየብቻ ከፈትኳቸው። በመካከለኛው ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ነጥብ ነገር ይታያል። በጣም የበራውን ከፍቼ አጎላሁት። በዚህኛው ላይ ሰማዩ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል፤ የሮቃው ጥላ ግን በሩ እንደተከፈተ ክፍል ውስጡ ይታያል።

ሰው ነው። ረጅም ቀጭን ሰው፣ አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሰማያዊ ጨርቅ የሚያውለበልብ። ያን ጨርቅ ትናንት ማታ እማማ አጁሉ ትከሻ ላይ አይቼዋለሁ።

 ቶሎ ብዬ የጨለመውን ፎቶ ከፈትኩ፣ እሱ ላይም ይታዩ እንደሆነ ብዬ። እሳቸው አይታዩም። በዚህኛው ላይ ጎልቶ የወጣው ሰማዩ ነው። ከሮቃው ጀርባ፣ አድማሱ ላይ፣ ጠዋት የጉም ርዝራዥ የመሰለኝ ግራጫ ነገር ከታች ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ ይወጣል። ጉም እንዲህ አይወጣም። ሣሩ ተለኩሷል።

አሪየት ጋ ደወልኩ፤ አይሠራም። ደገምኩ፤ ግድቡ አካባቢ ኔትወርክ የለም። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፌ ወደ ጋሽ ኑሩ ሱቅ ሮጥኩ።

«ጋሽ ኑሩ፣ ሞተሩን አስነሳ። እማማን አግኝቻቸዋለሁ።»

«የት?»

«ፎቶዬ ውስጥ።»

የሚያሾፍ ፊት ሊያሳየኝ ሲል ስክሪኑን አዞርኩለት። ዝቅ ብሎ አየ። «ይሄ ጠዋት ያደረስኩሽ ቦታ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ያስ? ጭስ ነው?»

«ጭስ ነው።»

«ያ አላህ» አለና ቆሞ የነበረውን ደንበኛ ሱቁን እንዲጠብቅለት አዞ ወጣ። ስክሪኑን በስልኬ አነሳሁት፤ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ትቼ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

በመንገድ ላይ ነፋሱ ፊታችንን ይመታን ነበር። ነፋሱ ወደ እኛ ከሆነ እሳቱም ወደ ሮቃው ነው የሚመጣው፤ ሁለታችንም ይህን ስላወቅን አልተናገርነውም። ጉብታው ሥር ስንደርስ ጭሱ ጠዋት ከነበረው ብዙ እጥፍ ሆኗል። ከጭሱ በላይ ጭላቶች ይዞራሉ፤ ከእሳት የሚሸሸውን አንበጣ ለመልቀም ነው።

«አንቺ እዚህ ሁኚ፣ እኔ ልግባ» አለ ጋሽ ኑሩ።

«በዚያ ጉልበትህ? እኔ እሮጣለሁ። ሣሩ ውስጥ ከገባሁ ግን ምንም አይታየኝም። አንተ ጠዋት ካሜራዬ የቆመበት ድንጋይ ላይ ውጣ። ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ሮቃውንም እኔንም ከላይ ታያለህ፤ በስልክ ምራኝ። እዚያ ላይ ኔትወርክ አለ፤ መጀመሪያ አሪየትን ሞክራት።»

ተቃወመኝ አልልም። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔ ወደ ሣሩ ገባሁ።

ከላይ ወርቅ የመሰለው ሣር ውስጡ ሲገቡ ሌላ ነገር ነው። ግንብ ነው። ፊት ይቧጭራል፣ እግር ይጠልፋል፣ ሰማይ ካልሆነ በቀር የሚያሳየው የለም። ስልኬ ጮኸ።

«ቀጥ በይ» አለኝ ጋሽ ኑሩ። «አዎ፣ እንደሱ። ሣሩ ሲነቃነቅ አይሻለሁ። አይ፣ ወደ ግራ ሸሽተሻል። ወደ ቀኝ፣ ወደዚያ ትልቅ ኩይሳ ተመለሺ።»

«ኩይሳው አይታየኝም።»

«ለእኔ ይታየኛል። ትንሽ ወደ ቀኝ... አሁን ቀጥ።»

የእሳቱን ድምፅ ሰማሁት። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ ይመስላል። ጅግራዎች ከሣሩ እየፈነዱ በራሴ ላይ ወደ ኋላዬ ይበራሉ። እነሱ ከሚሸሹበት እኔ እየሄድኩ ነበር። ፈራሁ? አዎ ፈራሁ። ግን ሥዕሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ እሳቸው የት እንዳሉ በዓለም ላይ የምናውቀው እኔና ጋሽ ኑሩ ብቻ ነን። ያ እግሬን እንዲቆም አልፈቀደለትም።

ሣሩ ድንገት አለቀና ጥላው ውስጥ ገባሁ። እማማ አጁሉ የሮቃውን ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰማያዊው ጨርቅ ጭናቸው ላይ ነው። አንድ እግራቸው አብጧል፤ ተረከዛቸው ውስጥ እሾህ ተሰብሮ ቀርቷል። ሲያዩኝ አልደነገጡም። ፈገግ አሉ። እጄን ያዙና መሬቱን መታ መታ እያደረጉ በአኙዋክኛ አንድ ነገር አሉኝ። ከዚያ ሁሉ የገባችኝ «ተቀመጪ» የምትለዋ ብቻ ናት።

«እማማ፣ እንሂድ። እሳት ነው» አልኳቸው፤ በአማርኛ፣ በእጄ፣ በምችለው ሁሉ። ራሳቸውን ነቅንቀው እንደገና ወደ መሬቱ ሳቡኝ።

ስልኬ ውስጥ ጋሽ ኑሩ ይጣራል። «ትዕግስት፣ ስሚኝ። በመጣሽበት አትመለሺ። እሳቱ ወደ ኩይሳው እየዞረ ነው፤ ይቀድምሻል። ከሮቃው በስተቀኝ አሸዋ ይታየኛል፣ ደረቅ ወንዝ ነው፣ ሣር የለውም። እዚያ ግቢ።»

«ሩቅ ነው?»

«ቅርብ ነው። አሁን ተነሺ።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን በአንገቴ ዙሪያ ሳብኩና አዘልኳቸው። ያን ያህል ረጅም ሴት ያን ያህል ይቀላሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መጀመሪያ ተንፈራገጡ፤ ቀጥሎ ሙቀቱ ሲደርስብን ጸጥ ብለው ጉንጫቸውን ትከሻዬ ላይ አስደገፉ። ሣሩን በደረቴ እየጣስኩ ሄድኩ። ጭሱ ዓይኔን ስለያዘው አብዛኛውን መንገድ ጨፍኜ ነው የተራመድኩት። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲከዳኝ አብረን ተንሸራተን አሸዋው ላይ ወደቅን።

የወንዙ ሆድ ውስጥ ከክረምት የቀረ ትንሽ ውኃ ነበር። ጨርቁን ነክሬ በሁለታችን ራስ ላይ ሸፈንኩና በላያቸው ላይ ተጎነበስኩ። እሳቱ በዳርና ዳሩ አለፈ። የሣር እሳት አይቆይም፤ ይመጣል፣ ያገሳል፣ ያልፋል። ያን ጊዜ ግን የሚያልፍ አይመስልም ነበር። ከጨርቁ ሥር እማማ አጁሉ እንደ ሕፃን ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ ሊያባብሉኝ።

ድምፁ ሲርቅ ጨርቁን ገለጥኩ። ወርቁ ሁሉ ጠፍቶ መሬቱ ጥቁር ነው፤ አመድ እየበረረ ነው። ከሩቅ የጋሽ ኑሩ ጩኸት ይሰማል። ስልኬን አውጥቼ «አለን» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት።

ጋሽ ኑሩ ከድንጋዩ ላይ ደውሎ አግኝቷት ኖሮ፣ አሪየት ከሰዎች ጋር በተቃጠለው መሬት ላይ እየሮጠች መጣች። እናቷን ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ዳበሰቻቸው፣ እሾሁን አየች፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። ነርስነቷን ጨርሳ ነው ልጅነቷ የመጣው። እናትየው ግን የልጃቸው ለቅሶ አልገባቸውም። ወደ እኔ እያመለከቱ በቁጣ መናገር ጀመሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

አሪየት እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ተቆጥታ ነው። "ይቺ ልጅ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ብቻዋን ፀሐይ ሲመታት አየኋት። መንገድ ጠፍቷታል። ወደ ጥላው ነይ ብዬ በጨርቄ ጠራኋት፤ አልሰማችኝም። እስክትመጣ ጠበቅኳት። አሁን ብቻዋን አትተዉአት" ነው የምትለው።»

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

እንግዲህ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የደረሰብኝ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብትሉ፣ ፎቶውን ለማስታወቂያ ድርጅቱ ልኬዋለሁ፤ ወደዱት፣ ሥራውንም ሰጡኝ። «ሮቃው ሥር ያለውን ብዥታ ብቻ አጥፊው» አሉኝ። እንደማላጠፋው ነገርኳቸው። ሥራውንም በአክብሮት መለስኩት። እህቴ እስካሁን ትነጫነጫለች። የተጎዳሁ አይመስለኝም።

ሥራውን የተውኩት በብዥታው ምክንያት አይደለም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የመታወቂያው ፎቶ ነው። እናት ጠፍታ፣ መንደር ሙሉ ሰው ስልክ ይዞ፣ ዛሬ ያላትን ፊት የሚያሳይ አንድ ፎቶ አልነበረም። እኔ ሣርና ሰማይ በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ አንስቻለሁ፤ የብዙዎቻችን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ግን የሚነሱት ከሞቱ በኋላ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ ነው፣ እሱም ከድሮ ጉርድ ፎቶ በማጉላት። ስለዚህ በዚያው ሳምንት እማማ አጁሉን አነሳኋቸው። የአሪየት ጎረቤቶች አይተው እናቶቻቸውን አመጡ። ዛሬ በየወሩ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ፤ አቦቦ፣ ኢታንግ፣ እስከ ዲማ ወርቅ ቁፋሮ ድረስ ሄጃለሁ፤ እዚያ ደግሞ ከደጋ የመጡትን ቆፋሪዎች ራሳቸውን አንስቼ ለእናቶቻቸው እልካለሁ። ፎቶውን አትሜ ለቤተሰብ እሰጣለሁ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ስልካቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ፎቶ ቤቴ ከሠርግ በላይ የሚታወቀው በዚህ ነው።

መልክዓ ምድርን አልተውኩም። ኅዳር ሲመጣ ጋሽ ኑሩ ራሱ ይደውልልኛል፤ «ሣርሽ ደርሷል» ይለኛል። አሁንም ሦስት አነሳለሁ፤ አሁንም አዋህዳለሁ። ግን ከማዋሃዴ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ከፍቼ ጥግ ጥጉን አያለሁ። ሥራዬ ተጎትቷል የሚለኝ አለ። ይጎተት።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤታችሁ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ካሉ፣ ዛሬ ፎቶ አንሷቸው። ካሜራ አያስፈልግም፣ ስልካችሁ ይበቃል። ፀሐይ ላይ አታቁሟቸው፤ ከጥላው ጠርዝ ላይ አስቀምጧቸው፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙሩ። እስኪስቁ ጠብቁ። ሳታሳምሩ፣ መጨማደዱን ሳትነኩ አስቀምጡት።